የቲችቦርን ክርክር፦ እናት «ልጄ ነው» ካለች ሌላ ምን ይፈለጋል?

ጥያቄ፦ «ሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። በምስለ ችሎት የቲችቦርንን ጉዳይ እንድንከራከር ተሰጥቶን የይገባኛል ባዩ ጠበቃ ሆኛለሁ። የቡድኔ ልጆች ገና ሳልጀምር ‹ተሸንፈሻል› ይሉኛል። እኔ ግን አልገባኝም። የወለደች እናት ችሎት ፊት ‹ልጄ ነው› ብላ መስክራ እያለ ፍርድ ቤቱ እንዴት ‹አይደለህም፣ ሉካንዳ ነጋዴ ነህ› ብሎ ይፈርዳል? ውርስ ጠይቆ መሸነፍስ እንዴት 14 ዓመት ያሳስራል? ያኔ ዲኤንኤ ቢኖር አያሸንፍም ነበር? በየት በኩል ብገባ ይሻለኛል?»

መልስ፦

ጉዳዩ ባጭሩ፦ ባሕር ላይ ጠፍቶ ሞቷል የተባለው የእንግሊዝ ባላባት ልጅ ሮጀር ቲችቦርን እኔ ነኝ ብሎ አንድ ሰው ከአውስትራሊያ መጣና ርስቱን ጠየቀ። ይገባኛል ባዩ የምንለው እሱን ነው። እናቲቱ ችሎት ፊት አልመሰከረችም። ክርክሩ የተከፈተው በሜይ 1871 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እሷ የሞተችው በማርች 1868 ነው። ከሦስት ዓመት በላይ ቀድማ ማለት ነው። ጥያቄሽን እንዳለ ብመልስልሽ ተሳስተሽ ትገቢያለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ ላፍርሰው።

«ሉካንዳ ነጋዴ ነህ» ያለውም ውርሱን ያየው ችሎት አይደለም። የነበረው ሁለት ክርክር ነው። የመጀመሪያው የፍትሐብሔር ነው። በእሱ ላይ ጭራሽ ፍርድ አልተሰጠም፤ መንገድ ላይ ቀረ። ሁለተኛው የወንጀል ነው። 14 ዓመቱ የመጣው ከዚህኛው ነው። ሰውዬው የታሠረው ውርስ ስለጠየቀ ወይም ስለተሸነፈ አይደለም። ምሎ ስለዋሸ ነው። እነዚህን ሁለቱን ካልለየሽ የምስለ ችሎቱ ዳኛ በመጀመሪያዋ ጥያቄ ያፈርስሻል።

አሁን ወደ ነገሩ። ሮጀር ቲችቦርን በ1829 ፓሪስ ተወለደ። ቤተሰቡ በደቡብ እንግሊዝ፣ ሃምፕሸር ውስጥ ሰፊ ርስት ያለው የድሮ የካቶሊክ ባላባት ቤት ነው። ባሮኔት የሚባለው ማዕረግ ከርስቱ ጋር ከወንድ ወደ ወንድ ይወርዳል። እናቱ ሄንሪየት እንግሊዝን አትወድም ነበር። ልጇን እዚያው ፈረንሳይ አሳደገችው። የአፍ መፍቻ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ሆነ። ይህችን ያዢልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላው ስቶኒኸርስት የሚባል የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ካህናት ማኅበር) ትምህርት ቤት ገባ። ከዚያ ፈረሰኛ ጦር ውስጥ መኮንን ሆነ። የአጎቱን ልጅ ካትሪንን ወደደ፤ ቤተሰብ አልፈቀደም። በ1853 ወደ ደቡብ አሜሪካ ሄደ። ኤፕሪል 20 ቀን 1854 ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ቤላ በምትባል መርከብ ወደ ጃማይካ ተሳፈረ። ከአራት ቀን በኋላ የመርከቧ ስም የተጻፈባት ትንሽ ጀልባ ተገልብጣ ባሕር ላይ ተገኘች። ሰው የለም። ሮጀር 25 ዓመቱ ነበር። በማግስቱ ዓመት እንደሞተ ተቆጠረ።

አባት አመነ። እናት እምቢ አለች። ጠንቋይ አማከረች፤ ልጅሽ በሕይወት አለ ተባለች። ከመርከቧ የተረፉ ሰዎችን ወደ አውስትራሊያ የምትሄድ ሌላ መርከብ አንስታቸዋለች የሚል ወሬም ደረሳት። በ1862 ባሏ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ማስነገር ጀመረች። በ1865 ደግሞ ሲድኒ ላይ የጠፉ ሰዎችን አፈላልጋለሁ የሚል አርተር ኩቢት የሚባል ሰው አገኘች። ማስታወቂያው በአውስትራሊያ ጋዜጦች ወጣ።

ለአንቺ ከሁሉ የሚጠቅምሽ ወረቀት ይህ ማስታወቂያ ነው። ተቃዋሚሽም ካወቀበት የሚገድልሽ እሱው ነው። ምን ይላል? ሮጀር ከሪዮ በዚህ ቀን፣ በዚህች መርከብ ተሳፈረ ይላል። የተረፉ ሰዎች ወደ አውስትራሊያ ምናልባትም ወደ ሜልቦርን ተወስደዋል ይላል። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ፀጉሩ ቡናማ፣ ዓይኑ ሰማያዊ ነው ይላል። አባቱ ሞተዋል፣ የርስቱ ሁሉ ወራሽ እሱ ነው ይላል። ለጠቋሚ ደህና ጉርሻ አለ ይላል። ፈተናው ከነመልሱ ጋዜጣ ላይ ወጣ በይው።

ጥቂት ወራት ሳይቆይ አንድ ጠበቃ ደንበኛዬ ሮጀር ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጻፈ። ጠበቃው ዊልያም ጊብስ ይባላል። ከተማዋ ዋጋ ዋጋ ትባላለች። (አትሳቂ፤ ለእኛ ጆሮ ቀልድ ይመስላል እንጂ እውነተኛ ስሟ ነው።) ደንበኛው ቶማስ ካስትሮ ነኝ የሚል፣ በዕዳ የተዘፈቀ የሉካንዳ ነጋዴ ነው። ከመርከብ አደጋ መትረፉንና እንግሊዝ አገር ንብረት እንዳለው ጣል አድርጎ ነበር። የሚያጨስባት ፒፓ ላይ የሮጀር ስም ሦስት የመጀመሪያ ፊደላት ተቀርጸዋል። ጊብስ ኑዛዜ እንዲጽፍ አደረገው። በኑዛዜው ላይ እናቱን «ሃና ፍራንሲስ» ብሎ ጠራት። የሴትዮዋ ስም ሄንሪየት ፌሊሲቴ ነው።

የእናቱን ስም የሳተ ሰው ያኔውኑ ማብቃት ነበረበት ትያለሽ። አላበቃም። ለምን እንዳላበቃ ከገባሽ ጉዳዩ ገባሽ።

እናቲቱ ገና ሳታየው በደብዳቤ ብቻ ልቧ ወደ እሱ ሄዷል። ስለ ልጅነቱ የሚጽፈው ከምታውቀው ጋር አይገጥምም። እሷ ግን ነገሩ እንደ ሕልም ጭንቅላቱ ውስጥ ተምታቶበታል፣ የሚለው ከእኔ ጋር ባይስማማም ልጄ ነው ብላ ጻፈች። ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግመሽ አንብቢው። በዚህ አእምሮ ላይ የትኛውም ስህተት ማስረጃ መሆኑ ይቀራል። ትክክል ከመለሰ ሮጀር ስለሆነ ነው። ከተሳሳተም ሮጀር ስለሆነና ስለተሠቃየ ነው።

በ1866 የገና ዕለት እንግሊዝ ደረሰ። በጃንዋሪ 1867 ፓሪስ ውስጥ ሆቴል ተገናኙ። አመመኝ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ክፍሉ ጨለምለም ያለ ነው። እሷ ገብታ አየችው፤ ልጄ ነው አለች። በዓመት 1,000 ፓውንድ ቆረጠችለት። ፈረንሳይኛ ግን አንድ ቃል አይወጣውም። የሮጀር የልጅነት አስተማሪ የነበረው ሻቲዮን ተጠርቶ መጣና አየው። ይህ አጭበርባሪ ነው አለ። እናት አልሰማችም።

ስለዚህ «እናቱ አውቃዋለች» የሚለውን ክርክር ምሰሶ አታድርጊው። መስቀለኛ ጥያቄ ያልቀረበባት፣ ከአሥር ዓመት በላይ ልጄን አምጡልኝ ስትል የኖረች፣ ባሏን ቀብራ አራት ዓመት ሳይሞላ ሌላውን ልጇን አልፍሬድን የቀበረች ሴት ናት። አልፍሬድ የሞተው በ1866 ነው፤ ይገባኛል ባዩ ወደ እንግሊዝ በተሳፈረበት ዓመት። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ዓይን ምን እንደሚያይ እዚህ አገር ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ጥሩ ተቃዋሚ እናቲቱን አይሳደብም። ያዝንላታል። ያኔ አለቀልሽ።

እንግዲህ ይህን ጉዳይ ስትይዢ ከአፍሽ የማትለዪው ጥያቄ ይሁን፦ ያወቀውን ከየት አወቀው? ሰውዬው ብዙ ነገር ያውቅ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። የቤተሰቡ ጠበቃ ኤድዋርድ ሆፕኪንስ አመነው። የቤተሰቡ ሐኪም አመነው። የቤተሰቡን ታሪክ ሲያጠና የኖረው ፍራንሲስ ቤይጀንት መጀመሪያ ተጠራጠረ፤ በኋላ ዋና ደጋፊው ሆነ። በሮጀር ጦር ውስጥ ያገለገሉ ሰዎች ስለ ጦሩ ኑሮ የሚያወራውን ሰምተው አመኑት። አስደናቂ ነው፤ ግን የጦሩን የቀድሞ ወታደሮች ሁለቱን ቤቱ ውስጥ አሽከር አድርጎ እንደቀጠረ እስክትሰሚ ድረስ ነው። የቤይጀንትም ነገር እንዲሁ ነው። ሰው ሲጠይቅ ሳያውቀው መልስ ይሰጣል። «ያ ዛፍ ትዝ አይልህም?» ብለሽ ስትጠይቂው ዛፍ እንደነበረ ነገርሽው።

አንድሩ ቦግል የተለየ ነው። ጃማይካ ውስጥ በባርነት ተወልዶ የሮጀርን አጎት ሰር ኤድዋርድን ለብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው ነው። ጡረታ ወጥቶ ሲድኒ ይኖር ነበር። ቤተሰቡ በዓመት 50 ፓውንድ ይቆርጥለታል። ሰውዬውን ሲድኒ ላይ አገኘው፤ ሮጀር ነው አለ። አብሮት እንግሊዝ ሄደ። ቤተሰቡ 50 ፓውንዱን አቋረጠበት። ቦግል ቃሉን አላጠፈም። በመስቀለኛ ጥያቄ ቀናት ሙሉ ሲጠበስ እንኳ ረጋ ብሎ መለሰ። የራሱን ጥቅም እየጎዳ የሚመሰክር ሰው ለጠበቃ ወርቅ ነው። ያለሽ ምርጥ ምስክር ቦግል ነው፤ ከእናቲቱ በብዙ ይበልጣል። ተቃዋሚሽ ግን ከሲድኒ እንግሊዝ ድረስ ወራት የፈጀውን የመርከብ ጉዞ አብረው መጓዛቸውን ያነሳል። ከየት አወቀው ያልነው ጥያቄ እዚህም አለ።

የመጀመሪያው ክርክር በማን ላይ ነበር? ስለ ርስት ክርክር ነው ስትባዪ ወንድሙን ወይም እናቱን የከሰሰ ይመስልሻል። አይደለም። የከሰሰው የቲችቦርንን ቤት ተከራይቶ የሚኖረውን ኮሎኔል ሉሺንግተንን ነው። ቤቱ የእኔ ነው፤ ይልቀቅልኝ ነው ክሱ። ተከራዩን ለማስለቀቅ ባለቤትነቱን ማስረዳት አለበት፤ ባለቤትነቱን ለማስረዳት ደግሞ ሮጀር መሆኑን። የእንግሊዝ ሕግ ነገሩን በዚህ በጓሮ በር ነው ያስገባው። ከጀርባ ያለው እውነተኛ ተከራካሪ አንድ ሕፃን ነው። አልፍሬድ ሲሞት ሚስቱ እርጉዝ ነበረች፤ የተወለደው ወንድ ልጅ ወራሽ ሆነ። የርስቱ ገቢ በዓመት ከ20,000 ፓውንድ በላይ ነው። ማንም ቤተሰብ ዝም ብሎ አይሰጥም።

ክርክሩ ከ100 ቀን በላይ ፈጀ። ዳኛው ሰር ዊልያም ቦቪል ነው። የይገባኛል ባዩ ጠበቃ ዊልያም ባላንታይን፣ የቤተሰቡ ጠበቃ ጆን ኮልሪጅ ነበሩ። ወጪውን ለመሸፈን ይገባኛል ባዩ ለሕዝብ ቦንድ ሸጠ፤ ርስቴን ሳገኝ 100 ፓውንድ እከፍላለሁ የሚል ወረቀት። ወደ 40,000 ፓውንድ ተሰበሰበ። አንድ ሰው ማንነቱን በአክሲዮን መልክ ሲሸጥ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ኮልሪጅ ሰውዬውን ለሳምንታት በመስቀለኛ ጥያቄ ያዘው። «…ቢባል ይገርምሃል?» እያለ ይጀምራል። ሐረጉ የለንደን ሰው የመንገድ ቀልድ እስኪሆን ደረሰ። እዚህ ላይ ነው እንድትይዢልኝ ያልኩሽ ነገር የሚመጣው። ሮጀር እስኪጎረምስ ድረስ ያወራው ፈረንሳይኛ ነው። ይህ ሰው አይችልም። ስቶኒኸርስት የተማረ ነኝ ይላል፤ ላቲኑን ከግሪኩ ይቀላቅላል፤ ኬሚስትሪ ምን እንደሆነ አያውቅም። የታሪክ ቅንጣት ከቦግል ወይም ከቤይጀንት ሊገኝ ይችላል። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ግን ማንም በሹክሹክታ አይሰጥሽም። በተቃራኒውም፣ ሕፃን ሆኖ ያደገበት ቋንቋ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ ጨርሶ አይጠፋም። ይዘበራረቃል፣ ዝገት ይይዘዋል እንጂ። ውጭ ያደጉ ዘመዶች ያሉሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ፤ አማርኛው ተሰባብሮም ቢሆን «ውሃ ስጪኝ» ማለት አይጠፋቸውም።

ሁለተኛው ነገር የታሸገው ፖስታ ነው። ሮጀር ከመሄዱ በፊት ለርስቱ አስተዳዳሪ ለቪንሰንት ጎስፎርድ አንድ የታሸገ ወረቀት ሰጥቶ ነበር። ጎስፎርድ ሮጀር ሞቷል ሲባል አጠፋው። ስለዚህ ውስጡ ምን እንደነበረ ማወቅ ጥሩ ፈተና ሆነ። ይገባኛል ባዩ ምን አለ? ካትሪንን አስረግዤ ሊሆን ይችላል ብዬ ስለፈራሁ የሰጠሁት መመሪያ ነው አለ። ካትሪን በዚያ ጊዜ ባለትዳር፣ የተከበረች ሴት ናት። አዳራሹ ደነገጠ። እውነቱ ግን ስእለት ነበር። ካትሪንን ካገባሁ ለድንግል ማርያም ቤተ ክርስቲያን አሠራለሁ የሚል። ሮጀር በእጁ የጻፈውን ግልባጭ ለካትሪን ሰጥቷት ስለነበር ወረቀቱ ወጣ። አንድ ሰው የራሱን ስእለት ረስቶ የሴት ልጅ ስም የሚያጠፋ ታሪክ ያስታውሳል ብለሽ ጁሪን (ከሕዝብ ተመርጠው ፍሬ ነገሩን የሚወስኑትን ሰዎች) ማሳመን አትችይም።

ክርክሩን የጨረሰው ግን ንቅሳት ነው። ሎርድ ቤሊው የሚባል የስቶኒኸርስት የትምህርት ቤት ጓደኛ መጥቶ ሮጀር ክንዱ ላይ ንቅሳት ነበረው፣ ከፊሉን የነቀስኩትም እኔ ነኝ አለ። የይገባኛል ባዩ ክንድ ባዶ ነው። ጁሪው በማርች 1872 ከእንግዲህ ሌላ ምስክር መስማት አያስፈልገንም አለ። ባላንታይን ነገሩ ገብቶት ክሱን አቋረጠ። ለዚህ ነው ፍርድ አልተሰጠም ያልኩሽ። ዳኛው ግን በዚያው ዕለት በሐሰት ምሏል፣ ይታሠር ብሎ አዘዘ። ሰውዬው ኒውጌት ወህኒ ገባ፤ በኋላ በዋስ ወጣ። በዋስ ወጥቶም በየከተማው እየዞረ ንግግር አደረገ፤ ሰው በሺህ ይሰበሰብለት ነበር። ድሃው ሕዝብ የባላባት ርስት ለሚጠይቅ ሰው ለምን አለቀሰ የሚለው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በአጭሩ፣ ሕዝቡ ያየው ባላባት አይደለም። በጠበቃና በገንዘብ የተገፋ ሉካንዳ ነጋዴ ነው።

ሁለተኛው ክርክር በኤፕሪል 1873 ተጀምሮ በፌብሩዋሪ 1874 አለቀ። 188 የችሎት ቀን። ዋናው ዳኛ አሌክሳንደር ኮክበርን ከሁለት ሌሎች ጋር ተሰየመ። አሁን ሸክሙ ዞረ። በመጀመሪያው ክርክር ሮጀር ነኝ ብሎ ማስረዳት የነበረበት እሱ ነው። በሁለተኛው ግን ሮጀር አይደለም፣ አርተር ኦርተን ነው ብሎ ማስረዳት ያለበት ከሳሹ መንግሥት ነው። በዚያ ላይ በዚያ ዘመን የወንጀል ተከሳሽ ለራሱ ምሎ መመስከር አይችልም ነበር። እንግሊዝ ይህን የቀየረችው በ1898 ነው፤ ሰውዬው በሞተበት ዓመት። ብዙ ተማሪ ይህን አያውቅም። አንቺ እወቂው።

አርተር ኦርተን ማነው? በምሥራቅ ለንደን ዋፒንግ የሚባል ሰፈር የተወለደ የሥጋ ሻጭ ልጅ ነው። በልጅነቱ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ቺሌ ሲደርስ ጠፍቶ ሜሊፒላ በምትባል ከተማ ተቀመጠ። እዚያ ካስትሮ የሚባል ቤተሰብ ያውቅ ነበር። አገሩ ተመልሶ በ1852 ወደ ታዝማኒያ ሄደ። ጆናታን ዊቸር የሚባል የቀድሞ የስኮትላንድ ያርድ (የለንደን ፖሊስ) መርማሪ ለቤተሰቡ ተቀጥሮ ይህን ሁሉ ፈለፈለ። የዊቸር ትልቁ ግኝት ግን ለንደን ውስጥ ነው። ይገባኛል ባዩ በ1866 የገና ዕለት እንግሊዝ እንደደረሰ እናቱ ቤት ጠይቆ ፓሪስ ናት ሲባል ከዚያ የሄደው የት ነው? ዋፒንግ። የማንን ቤተሰብ ጠየቀ? የኦርተንን። የኦርተን የድሮ ፍቅረኛ ሜሪ አን ሎደርም አርተር ነው አለች። ሜሊፒላ ውስጥ ሰዎች የሚያስታውሱት እንግሊዛዊ ልጅ አርተር እንጂ ሮጀር አልነበረም።

ጁሪው ግማሽ ሰዓት ብቻ ተማክሮ ሮጀር አይደለም፣ ኦርተን ነው አለ። ሁለት የሐሰት መሐላ፣ ለእያንዳንዱ ሰባት ሰባት ዓመት። 14ቱ የመጣው እንዲያ ነው። አሥር ዓመት ገደማ ታሥሮ በ1884 ተለቀቀ።

የወንጀሉን ክርክር ያጣው ተከላካዩ ነው የሚል ሐሳብ አለኝ። ኤድዋርድ ኬኔሊ ጥሩ አንደበት ያለው፣ ነገር ግን ጠብ የማይጠግብ ሰው ነበር። ሁሉም ተመሳጥረዋል አለ፤ ኢየሱሳውያኑ፣ ቤተሰቡ፣ ዳኞቹ። ዣን ሉዪ የሚባል መርከበኛ አምጥቶ ሮጀርን ከባሕር ያወጣችው ኦስፕሬ የምትባል መርከብ ላይ ነበርኩ አስባለ። ሉዪ የታወቀ ወንጀለኛ ሆኖ ተገኘ፤ ለሐሰት ምስክርነቱም ሰባት ዓመት ተፈረደበት። አንድ የተበላሸ ምስክር የቦግልን ያህል ሰው ቃል ይዞ ገደል ገባ። ጁሪው ከፍርዱ ጋር የኬኔሊን አነጋገር አወገዘ፤ እሱም ከጠበቃነት ተባረረ። ከዚያ የፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ! በ1875 ጉዳዩ በኮሚሽን ይመርመር ብሎ አቀረበ። 433 ተቃወሙ፤ የደገፈው አንድ ነው።

ታዲያ በእርግጥ ማን ነበር? ሁለት ጥያቄ ነው፤ አትቀላቅይው። ሮጀር ነበር ወይ? አልነበረም። ፈረንሳይኛው፣ ንቅሳቱ፣ ፖስታው አንድ ላይ ሲቆሙ የሚያነሳቸው መልስ የለም። ኦርተን ነበር ወይ? እኔ ነበር እላለሁ፤ የዋፒንጉ ጉብኝት አያስተኛኝም። ግን ይህ ከመጀመሪያው ያነሰ እርግጠኛ ነው። በ1895 እኔ ኦርተን ነኝ ብሎ ለጋዜጣ ተናዘዘ። ተከፍሎታል። ብዙም ሳይቆይ ካደ። ይህን ኑዛዜ ተቃዋሚሽ ካመጣው አትደንግጪ። ድሃ ሰው በገንዘብ የሸጠውና መልሶ የካደው ቃል ነው፤ ለማንም አይጠቅምም። ኤፕሪል 1 ቀን 1898 ሞተ። የሬሳ ሣጥኑ ላይ የሰፈረው ስም ሰር ሮጀር ቲችቦርን ነው።

ዲኤንኤ ያልሽው ሁለቱን ጥያቄዎች እኩል አይመልስም። ከእናት ብቻ የሚወረሰው ክፍል ከሄንሪየት ጋር በሴት መስመር ከሚዛመድ ሰው ጋር ቢነጻጸርና ባይገጥም ሮጀር አለመሆኑን ይቆርጣል። ኦርተን መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የኦርተን ዘመድ ያስፈልጋል። ለእናቲቱ ግን ብዙ የሚለውጥ አይመስለኝም፤ ስሟን የሳተላትን ሰው የተቀበለች ሴት ናት። ለምስለ ችሎትሽም አይጠቅምሽም፤ በዘመኑ ያልነበረ ማስረጃ ካነሳሽ ነጥብ ይቆረጥብሻል። እንዲሁ የእኛን የፍትሐብሔር ሕግ ስለ መጥፋት የሚለውን አታምጪ። ችሎቱ በየትኛው ሕግ እንደሚመራ አስቀድመሽ በጽሑፍ ጠይቂ።

ምክሬ ይህ ነው። ምርጫ ካለሽ የፍትሐብሔሩን አትንኪ፣ የወንጀሉን ያዢ። በፍትሐብሔሩ ሸክሙ ጫንቃሽ ላይ ነው፤ ቡድንሽ እንዳለው ተሸንፈሻል። በወንጀሉ ግን ሮጀር ነው ማለት አይጠበቅብሽም። ይህን ቃል ከአፍሽ አታውጪው። ሥራሽ ጥርጣሬ መዝራት ነው። ቦግልን መጀመሪያ አቅርቢ፤ ስለ ሮጀር ሳይሆን ስለ ተቋረጠበት 50 ፓውንድ አስጀምሪው። ሐኪሙንና ሆፕኪንስን አስከትዪ። ንቅሳቱን ስትነኪ ቤሊው ዋሽቷል አትበይ። ይህን የሚያህል ምልክት ካለ ቤተሰቡ ለምን ክርክሩ ወደ ማለቂያው ሲደርስ አመጣው ብለሽ ብቻ ጠይቂና ተቀመጪ። ሉዪን ጨርሶ አትጥሪ። ፖስታውን አትንኪ፤ የካትሪንን ስም በነካሽ ሰከንድ አዳራሹ ከእጅሽ ይወጣል። እናቲቱን ለመዝጊያ ንግግር አቆያትና ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ አታውሪላት።

አዘጋጆቹ የግድ የፍትሐብሔሩን ነው ካሉሽ ደግሞ ደንበኛሽን ወደ ምስክር ሳጥን አታውጪው። የዚያን ጊዜ ባላንታይን ይህ ዕድል አልነበረውም፤ አንቺ ግን በምስለ ችሎት ላይ አለሽ። ፈረንሳይኛ እንዲናገር የሚጠይቀው ሰው እንዳይኖር።